በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ በማን?

መካነ ሥላሴ በዘመኗ የቤተ አማራ ጌጥ ነበረች። አፄ ናዖድ አስጀመሯት፤ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ፈጸሟት። ወርቅና ብር የለበሰች የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1524 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1531) የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ቤተ አማራን ሲያጥለቀልቅ ተዘርፋ ተቃጠለች። በዚያው ዘመቻ አፄ በእደ ማርያም ያሠሯት አትሮንሰ ማርያምም የእሳት ሲሳይ ሆነች።

ስለ መካነ ሥላሴ ውበት በዝርዝር የጻፉልን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከልብነ ድንግል ግቢ ጋር ይጓዝ የነበረው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ሌላው ከኢማሙ ወገን ሆኖ «ፉቱሕ አል ሐበሻ»ን የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ነው። አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ፣ ሌላው ያቃጠለው ሠራዊት ጸሐፊ። ድንጋዩን የተሸከመው ገባር፣ ግድግዳውን የቀባው ሠዓሊ፣ ጭሱን ከጋራው ላይ ቆማ ያየችው እናት ግን ቃላቸው አልደረሰንም።

ይህ ነገር ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሆኖ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ማዘን ብቻ ይበቃ ነበር። ግን አላለቀም። ዛሬ ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ተጉዞ መካነ ሰላም የሚደርስ አንድ የታሪክ ተማሪ የቦረናን፣ የሳይንትን፣ የወግዲንና የከላላን ታሪክ ልጻፍ ቢል መልሶ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም በኢንተርኔት ወደ ለንደንና ወደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ይላካል። የአገሩ ወረቀት በሌላ አገር ነው። በአገሩ የቀረው ደግሞ በሳጥን፣ በአቁማዳ፣ በሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የወረዳ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚያውቁት የ12ኛ ክፍል መማሪያንና የፈተና ልምምድን ነው። የአካባቢ ታሪክ ስብስብ የሚባል መደርደሪያ ይኑራቸው ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሕንፃውና ስለ በጀቱ ይሆናል። የሚቀድመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሰው አደራውን አውጥቶ ለምን ያሳያል? ለማንስ ያምናል?

◆ የመጽሐፍ አገር

ምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ መጽሐፍ የማያውቅ አገር አይደለም። «መጽሐፈ ምሥጢር»ን፣ «አርጋኖነ ውዳሴ»ንና እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚቆመውን ሰዓታት የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከቦረና ምድር፣ ከጋስጫ ገዳም ነው። «መጽሐፈ ምሥጢር» የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1424 ነው። ማተሚያ ቤት በአውሮፓ ገና ሥራ ሳይጀምር በዚህ ደጋ ላይ ከባድ የነገረ መለኮት ክርክር በብራና ይጻፍ ነበር ማለት ነው። በሳይንት ተድባበ ማርያም፣ በአምባሰል ግሸን፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው ሀብት የታወቀ ነው።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ወሎ የዒልም አገርም ናት። እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ያሉ የትምህርት ማዕከላት ያፈሯቸው ዑለማ በዐረብኛ ጽፈዋል፤ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የጻፉ፣ መንዙማ የደረሱም ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውንና ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና የሚያትተውን መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ የመንግሥት መዝገብ ቤት ብቻ ቢያምኑ ኖሮ ያ መጽሐፍ አይኖርም ነበር። የሼኾችን ቤተሰቦች ጠየቁ፤ በግለሰብ እጅ ያሉ ጽሑፎችን አነበቡ፤ የሽማግሌዎችን ቃል መዘገቡ።

ሦስተኛው መዝገብ መሬቱ ራሱ ነው። ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ። በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ ነው፤ «ወራ» ደግሞ ቤተሰብ፣ ወገን። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሆነው የሕዝብ እንቅስቃሴና መዋሐድ በአማርኛ ተናጋሪው ገበሬ አፍ ላይ በየቀኑ ይጠራል። ሳይንትና አምባሰል የሚሉት ስሞች ከነዚህ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አያት እስላም፣ የልጅ ልጅ ክርስቲያን፣ የአጎት ልጅ ደግሞ ተመልሶ እስላም በሚሆንበት አገር የታሪኩ ወረቀትም በአንድ ደጅ ብቻ አይገኝም። ግማሹ በዕቃ ቤት፣ ግማሹ በመስጊድ፣ ግማሹ በእናት ሳጥን ነው።

ለዚህም ነው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው። ቤተ ክርስቲያን የራሷን ትጠብቃለች፤ መስጊዱም የራሱን። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚችል፣ ከሁለቱም ወገን የመጣ ልጅ ጫማውን ሳያወልቅና ሳይሳቀቅ ገብቶ የሚያነብበት ቤት ግን የሕዝቡ ቤት ብቻ ነው።

◆ «ይወረሳል» የሚለው ቃል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። መምህራን ተማሪን ለማትጋት የሚጠሩት ተረት ነው። የወሎ ሰው ግን «ይወረሳል» የሚለውን ቃል በሁለቱም ትርጉሙ ያውቀዋል። ልጅ ከአባቱ ይወርሳል። ጉልበተኛም ከደካማው ይወርሳል።

አፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ያሰባሰቧቸው ብራናዎች በሺህ ገደማ ይገመቱ ነበር፤ ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ናቸው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በዘበዘ። ምርኮው በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ብሪቲሽ ሙዚየም የራሱን ሰው፣ ሪቻርድ ሆልምስን፣ ከጦሩ ጋር አስቀድሞ ልኮ ነበርና 350 ያህል ብራናዎች ወደዚያው ሄዱ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ደብዳቤ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1872 አንድ ቅጂ አስመልሰዋል፤ የቀረው እዚያው ቀረ። ልብ መባል ያለበት ግን የዚህ ታሪክ መነሻ የውጭ ሰው አለመሆኑ ነው። ብራናዎቹ መጀመሪያ ከየደብራቸው የተነሡት በራሳቸው ንጉሥ ትእዛዝ፣ «በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ» በሚል በጎ ሐሳብ ነበር። በአንድ ቦታ ስለተሰበሰቡም በአንድ ቀን ተወሰዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው «ውርስ» የወረቀቱን ጉዳይ ቤት ለቤት አደረሰው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የርስትና የጉልት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ ከመሳፍንት ጋር የተነሡት ፎቶ ሁሉ የሚያስጠይቅ ማስረጃ መሰለ። ስንቱ ተቀበረ፣ ስንቱ ተቃጠለ። በቀይ ሽብር ጊዜ እናቶች የልጆቻቸውን ደብተርና በራሪ ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተቱ። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰው ዛሬ ከወረዳ መጣሁ የሚል ወጣት «አሮጌ ወረቀት አለዎት?» ብሎ በሩን ቢያንኳኳ «የለኝም» ማለቱ አላዋቂነት አይደለም። ትምህርቱን በደንብ ይዟል።

የቅርብ ጊዜውም ይኸንኑ ያስተምራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ለዝርፊያና ለጉዳት ተዳረገ። አንድ ቤት፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ መጥፎ ሳምንት። ከመካነ ሥላሴ እስከ መቅደላ፣ ከመቅደላ እስከ ደሴ የተደጋገመው ይህ ነው።

◆ የወርቅ ወንጌል

አገሩ ራሱ ግን ከብዙ ዘመን በፊት መፍትሔ ነበረው። ርስት ሲሰጥ፣ ንብረት ሲገባ፣ ሙግት ሲቋጭ ውሉ የሚጻፈው በደብሩ «የወርቅ ወንጌል» ባዶ ገጾች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1280/81 አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት አራቱ ወንጌል የዚህ ዓይነቱ ነው፤ ወንጌል ብቻ ሳይሆን የገዳሙ ማኅደርም ነበር።

ይህ አሠራር ሦስት ነገሮች ነበሩት። መጽሐፉ ከቦታው አይነሣም። የሚጻፈው በእማኞች ፊት፣ ስማቸው ተጠርቶ ነው። የሚፍቅና የሚሰርቅ ደግሞ የተወገዘ ነው። ባለርስቱ ወረቀቱን ለሩቅ ቢሮ አላስረከበም፤ በሚያውቃቸው ሰዎች መካከል፣ በሚሳለመው ደጅ አኖረው። በእስልምናውም ወገን ወቅፍ የተደረገ ኪታብ በመስጊዱ ወይም በሼኹ ቤት ሆኖ የሚነበብ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም። እምነቱ የተገነባው በቅርበትና በምስክር ላይ ነበር።

ዘመናዊው ሙከራ ከዚህ ግማሹን ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆና የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ስትጀምር መርሑ ትክክል ነበር፤ ብራናው ይነሣል፣ ፊልም ይቀረጻል፣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አብዮትም ረኃብም ጦርነትም ባለበት ዘመን ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተቀረጹ። የሐይቁ ወንጌልም በ1832 ቁጥር ከነዚያ ውስጥ ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ወታደሮች ጥይት ከቆሰሉ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይህን ሀብት አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ ሠሩለት። ያ ሥራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የብዙ መጽሐፍ ስም እንኳ አይታወቅም ነበር።

የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው። ፊልሙ አንዱ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለኮሌጅቪል ተሠራ፤ ለተመራማሪ የታሰበ ነበር። መጽሐፉ የተገኘበት ወረዳ ተማሪ የሚያየው ቅጂ፣ የደብሩ መሪጌታ «ይህ የኛ ነው» ብሎ ለልጆች የሚያሳየው እትም አልታሰበም። ዋናው ቦታው ላይ ቀረ፤ ቅጂው ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። የአካባቢ ታሪክ ስብስብ ሊሞላ የሚገባው ይህንኑ ክፍተት ነው። መርሑም በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ዋናው ለባለቤቱ፣ ቅጂው ለአገሩ።

◆ መጽሐፍ ወደ ሕዝብ፣ ሕዝብ ወደ መጽሐፍ

በኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍትን ወደ ሕዝብ የማድረስ ሙከራ አዲስ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረው ገበሬ መልሶ እንዳይረሳ በየገጠሩ የንባብ ቤቶች ተከፍተው ነበር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከሳን ፍራንሲስኮ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሁለት ዓመት ቆይተውም በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። በኬንያ ጋሪሳ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግመሎች ለአርብቶ አደር ልጆች መጽሐፍ ይጭናሉ። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. መባቻ የተመረቀው የአዲስ አበባው አብርሆትም ከነዚህ በሚልቅ ሕንፃ ያንኑ ዓላማ ይዟል።

ሁሉም የሚያስመሰግኑ ናቸው። አካሄዳቸው ግን አንድ ነው፤ ከከተማ የተዘጋጀ መጽሐፍ ወደ ሕዝቡ ይወርዳል። የአካባቢ ታሪክ መደርደሪያ የሚሞላው በተቃራኒው ነው። መጽሐፉ ገና አልተጻፈም፤ ያለው በሕዝቡ እጅ ነው። አህያዋ ባዶ ሄዳ ሞልታ መመለስ አለባት። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991ም የሕግ ድጋፍ ይዞ የታተመውን ይቀበላል። የእድር መዝገብ፣ የጋብቻ ውል፣ የወታደር ደብዳቤ፣ የመንዙማ ካሴት ግን ማተሚያ ቤት ስላልደረሰ አዋጁ አይደርስበትም። ይህን የሚያውቀው ጎረቤት ብቻ ነው። ለጎረቤት የሚቀርበው ደግሞ የወረዳው ቤተ መጻሕፍት ነው።

◆ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው የፎቶ ቀን ነው። በገበያ ቀን፣ ገጠሬው ከተማ በሚውልበት ዕለት፣ ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ያወጣል። ሰው አሮጌ ፎቶውን ወይም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ፊት በስልክ ካሜራ ይነሣል፤ በዚያው ቅጽበት ወደ እጁ ይመለሳል። ወረቀቱ አንድ ሌሊት እንኳ ከባለቤቱ ተለይቶ አያድርም። ሰውየው ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ ቁጥር ያለው ደረሰኝና የታጠበ የፎቶ ቅጂ። የአባቱ ፎቶ በአይጥ የተበላበት ሰው ጸድቶ የታተመ ቅጂ ይዞ ቤቱ ሲገባ በሚቀጥለው ገበያ አምስት ጎረቤት ያመጣል። ከማንኛውም ስብሰባና ፖስተር ይህ ይበልጣል።

ሁለተኛው አጠያየቅ ነው። ፎቶ ያለ ስም ወረቀት ብቻ ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞሩ ስንትና ስንት የድሮ የወሎ ፎቶዎች «ይህ ማን ነው?» የሚል አስተያየት ብቻ ይዘው ቀርተዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸው ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ዓመተ ምሕረቱን የማያስታውስ ሽማግሌ ዘመኑን አያጣውም፤ ጠላት ከመግባቱ በፊት ነው? መሬት ሲወረስ? በ77? መንግሥቱ ሳይሸሹ? እንዲህ ተጠይቆ የተያዘ ዕድሜ ከባዶ ቦታ ይሻላል።

ሦስተኛው ሰው ወደሚሰበሰብበት መሄድ ነው። እድር፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር፣ ወዳጃ። በወሎ ሽማግሌ የሚያወራው ቡና ሲፈላ ነው እንጂ አዳራሽ ተጠርቶ አይደለም። እድሮች በተለይ ሊታለፉ አይገባም፤ የመዋጮ መዝገባቸው በአንድ ሰፈር ማን እንደኖረ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ የክፉ ቀን መዋጮ ስንት እንደነበር በቀንና በብር ያሳያል። የሴቶችን ቃል የሚቀዳ ሰው ሴት ብትሆን ይመረጣል። የ77ቱን ረኃብ ወንዱ በመንግሥትና በእህል መኪና ሲያወራው እናት በምን ቅጠል ቀቅላ ልጅ እንዳተረፈች ታወራዋለች። ሁለቱም ታሪክ ነው፤ የሁለተኛው ባለቤቶች ግን በየዓመቱ እያለፉ ነው።

አራተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ «የሰፈርህ ስም ከየት መጣ? ወንዙን ማን ይጠራዋል? ደንቆሮ ጫካ ድሮ እስከ የት ይደርስ ነበር?» የሚል አንድ ገጽ ጥያቄ ይዞ ወደ አያቱ ቢላክ ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ይሰበሰባል። አያት ለመንግሥት የማይናገረውን ለልጅ ልጁ ይናገራል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ስሙን ያገኘው መጻሕፍት ከተዘረፉበት አምባ እንደመሆኑ ተማሪዎቹን ለዚህ ሥራ ቢያሠለጥን ስሙን በተግባር ያከብራል።

አምስተኛው የሄዱትን መፈለግ ነው። በ1977 እና 78 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል የተጓጓዘው ሕዝብ 600 ሺህ ያህል ይገመታል። ከነሱ ጋር የአገሩ ትዝታም ተጉዟል። በዐረብ አገር ያሉ እህቶችም የእናታቸውን እንጉርጉሮ በስልካቸው ድምፅ ቀድተው መላክ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የታወቀ የቴሌግራም አድራሻና መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

◆ ጥበቃው

ይህ ሁሉ በየዋህነት ከተሠራ ጉዳት ያመጣል። የጥንት ብራና በየትኛው ደብር እንዳለ በኢንተርኔት መለጠፍ ለቅርስ ሌባ ካርታ መስጠት ነው። ስለዚህ ምስሉ ቢታይ እንኳ ቦታው በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ብቻ ይያዝ። የድሮ የመሬት ወረቀት ዛሬም በፍርድ ቤት ሙግት ሊያስነሣ፣ ወንድማማች ሊያጣላ ይችላል፤ ባለቤቱ «እኔ እስካለሁ አይታይ» ካለ ቃሉ ይከበር። በአብዮቱ ዘመን ማን ማንን እንዳስያዘ የሚናገር ቃል ይቀዳ፤ የሚከፈትበት ዓመት ግን ተወስኖ ይታሸግ። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ሁለት እማኝ ባለበት ይያያዝ። የወርቅ ወንጌሉ ሥርዓት ይኸው ነው፤ ብዕሩ ብቻ ተቀየረ።

ቅጂውም በአንድ ኮምፒውተር ላይ አይቅር። አንዱ በባለቤቱ ቤት፣ አንዱ በከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ ከአካባቢው ርቆ ይቀመጥ። የማሊዋ ቲምቡክቱ ይህን በከባድ ዋጋ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ አብዱል ቃድር ሃይዳራና ባልደረቦቻቸው በመቶ ሺዎች የሚገመቱ ጽሑፎችን በቆርቆሮ ሳጥን እየደበቁ ወደ ባማኮ አሸሹ። ያን ያስቻለው ጽሑፎቹ በብዙ ቤተሰቦች እጅ መሆናቸው፣ ቤተሰቦቹም አሰባሳቢዎቹን አስቀድመው ማመናቸው ነበር። በመንግሥት ተቋሙ ውስጥ የቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩት ግን ተቃጥለዋል።

«የተለያየ ሰው የተለያየ ታሪክ ቢያመጣስ?» የሚል ሥጋት ይነሣል። ማምጣቱ አይቀርም። አንዱ ቤተሰብ አርበኛ የሚለውን ሌላው ሽፍታ ይለዋል፤ አንዱ ደብር በእገሌ ተተከለ ሲል ጎረቤቱ ሌላ ስም ይጠራል። የቤተ መጻሕፍት ሥራ መፍረድ አይደለም። ሁለቱንም ቃል፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጽፎ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ፍርዱ የአንባቢ ነው። አገሪቱ በታሪክ ስትጣላ የኖረችው ማስረጃ በዝቶባት አይደለም፤ በየመድረኩ የሚጮኸው የጥቂት ሰው ትረካ ሆኖ፣ የቀረው ሰው ቃል በሳጥን ስለተቆለፈ ነው።

ወጪው ሲታሰብ ደግሞ ከሚፈራው ያነሰ ነው። አንድ ደህና ካሜራ ያለው ስልክ፣ የፎቶ ማተሚያ፣ ሁለት ማስቀመጫ ዲስክ፣ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያለው መዝጋቢ፣ የቡና ዋጋ። ከሁሉ የሚከብደው በገንዘብ የማይገዛው ነው። የተቀበሉትን በቀኑ መመለስ፣ የሰጡትን ቃል በየሳምንቱ መጠበቅ። አንድ ጊዜ አንድ ፎቶ ጠፋ ከተባለ መቶ ዓመት የቆየው ጥርጣሬ ተመልሶ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል።

ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የመካነ ሥላሴን ወርቅ የጻፉልን እንግዳውና የአቃጣዩ ጸሐፊ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ የመካነ ሰላምን ዘመን የሚያጠና ሰው ደግሞ የዛሬዋን እናት ቃል ሊያገኝ ይችላል፤ በገዛ ድምፅዋ፣ በልጅ ልጇ ተጠይቃ፣ ስሟና ቀኑ ተጽፎ። ዋናው በሳጥኗ፣ ቅጂው በከተማዋ መደርደሪያ ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ በጽሑፍ ያለው ይወረሳል፤ ወራሹም ልጇ ይሆናል።